የተማሪዎች የፈጠራ ውድድርና የንግድ ድርጅቶች ድጋፍ፦ ከሐዋሳ ከተማ ሁኔታ አንጻር

መግቢያ

በትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብ ውስጥ የሚጀመር የፈጠራ ሥራ ከሐሳብ ወደ ዕቃ ለመለወጥ ገንዘብ ይጠይቃል። ሽቦ፣ ባትሪ፣ ቆርቆሮ፣ ትንሽ ሞተርና የብየዳ ዋጋ ሲደመሩ የአንድ ቤተሰብን አቅም በቀላሉ ያልፋሉ። ከዚህም የተነሳ የተማሪዎችን የፈጠራ ውድድር የሚያዘጋጁ ትምህርት ቤቶችና ጽሕፈት ቤቶች ፊታቸውን ወደ ባንኮች፣ ወደ ፋብሪካዎችና ወደ ሆቴሎች ቢያዞሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ድርጅቱ ገንዘብ ይሰጣል፤ በምላሹም ስሙ በመድረኩ ሰሌዳና በተማሪዎቹ ካናቴራ ላይ ይጻፍለታል። በተለምዶ ስፖንሰርነት የሚባለው ይኸው ነው።

ድጋፉ በራሱ የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ዳሩ ግን ሰጪው የሚሰጠው ለአንድ ዓላማ፣ ተቀባዩም የሚቀበለው ለሌላ ዓላማ በመሆኑ የሁለቱ ድንበር አስቀድሞ ካልተለየ የሚጎዳው በመካከል ያለው ተማሪ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ድንበሩ የት ላይ መሰመር እንዳለበት ማስረዳት ነው።

የሐዋሳ ከተማ ሁኔታ

ሐዋሳ በ1952 ዓ.ም. በሐይቁ ዳር የተቆረቆረች፣ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል ርዕሰ ከተማ የሆነች ከተማ ናት። በ1968 ዓ.ም. የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅ በ1992 ዓ.ም. ከወንዶ ገነትና ከዲላ ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ የደቡብ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፤ በኋላም ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። በኢንዱስትሪም በኩል የጨርቃ ጨርቅ፣ የሴራሚክ፣ የለስላሳ መጠጥና የቢራ ፋብሪካዎች በከተማዋ ተቋቁመዋል፤ በሐምሌ ወር 2008 ዓ.ም. ደግሞ የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመርቋል። እንግዲህ ተማሪው፣ መምህሩ፣ መሐንዲሱና ነጋዴው ተቀራርበው የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ለፈጠራ ውድድር የሚሆን ደጋፊ ለማግኘት አመቺ ናት ማለት ይቻላል።

የድጋፍ ልምዱም ለአገራችን ፈጽሞ አዲስ አይደለም። በአሜሪካዊው ማርክ ጌልፋንድ የበጎ አድራጎት ድጋፍ በቢሾፍቱ የተጀመረው የተማሪዎች የሳይንስና የምሕንድስና ማዕከል ወደ ልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች ተስፋፍቷል፤ ሐዋሳ ዩኒቨርሲቲም ማዕከሉ ካለባቸው አንዱ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮም አይኮግ ላብስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት ከአሜሪካ ኤምባሲና ከጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ድርጅት (ጃይካ) ባገኘው ድጋፍ «ሶልቭ አይቲ» የተሰኘውን የወጣቶች የፈጠራ ውድድር አካሂዷል።

ይሁን እንጂ የንግድ ድጋፍ ከገበያ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ መሆኑን ሐዋሳ ራሷ በቅርቡ አይታለች። ከኢንዱስትሪ ፓርኩ ቀዳሚ ባለሀብቶች አንዱ የነበረው የአሜሪካው ፒ.ቪ.ኤች. በኅዳር ወር 2014 ዓ.ም. ፋብሪካውን እንደሚዘጋ አስታወቀ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላም፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ፣ ኢትዮጵያ በአጎዋ ሥርዓት ከቀረጥ ነጻ ሸቀጥ ወደ አሜሪካ የመላክ ዕድሏን አጣች። ይህን የመሰለ ለውጥ በመጣ ቁጥር ድርጅቶች አስቀድመው የሚቀንሱት ለማኅበራዊ ጉዳይ የመደቡትን ወጪ ነው። በአንድ ድርጅት ገንዘብ ብቻ የቆመ ውድድርም ከድርጅቱ ጋር ይወድቃል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

በዚህ ረገድ ሁለት የአሜሪካ ውድድሮችን ማነጻጸር ጠቃሚ ይሆናል። የመጀመሪያው ጄኔራል ሞተርስ በፊሸር ቦዲ ክፍሉ አማካይነት እ.ኤ.አ. በ1930 ያቋቋመው የወጣት እጅ ጥበበኞች ማኅበር ነው። ወንዶች ልጆች የሠረገላ፣ በኋላም የመኪና ሞዴል እየሠሩ ይወዳደሩ ነበር፤ ለአሸናፊዎቹም የኮሌጅ ነጻ ትምህርት ይሰጥ ነበር። ከተወዳዳሪዎቹ መካከልም የመኪና ንድፍ አውጪዎች ወጥተዋል። ነገር ግን የውድድሩ ባለቤት ራሱ ኩባንያው ነበርና እ.ኤ.አ. በ1968 ኩባንያው ሲያቋርጠው ውድድሩም አብሮ አበቃ።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ1942 የተጀመረው የሳይንስ ተሰጥዎ ፍለጋ ውድድር ነው። ይህ ውድድር መጀመሪያ በዌስቲንግሐውስ፣ ከ1998 ጀምሮ በኢንቴል፣ ከ2017 ወዲህ ደግሞ በሪጄኔሮን ስም ተጠርቷል። ስሙ ሁለት ጊዜ ቢለዋወጥም ውድድሩ አልተቋረጠም፤ ምክንያቱም ባለቤቱ ከደጋፊዎቹ አንዱ ሳይሆን ለትርፍ ያልቆመ የሳይንስ ማኅበር ነው። በአየርላንድም እንዲሁ እ.ኤ.አ. በ1965 የተጀመረው የወጣት ሳይንቲስቶች ዐውደ ርእይ ለሠላሳ ዓመት ያህል በኤር ሊንገስ አየር መንገድ ተደግፎ ከቆየ በኋላ ወደ ቴሌኮም ኩባንያዎች ድጋፍ ተሸጋግሯል። ከእነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው ውድድሩ የትምህርት ተቋም ንብረት፣ ደጋፊው ደግሞ ዙረቱ ሲደርስ ቦታውን ለሌላ የሚለቅ እንግዳ ሊሆን እንደሚገባው ነው።

ገንዘቡ መቼ ይሰጥ?

አብዛኛውን ጊዜ ደጋፊ ድርጅት የሚመርጠው በመጨረሻው ቀን ትልቅ ሽልማት መስጠትን ነው፤ ፎቶግራፍ የሚነሣበት ዕለት እሱ ነውና። ከትምህርት አንጻር ሲታይ ግን ገንዘቡ ይበልጥ የሚጠቅመው በመጀመሪያና ከፍጻሜው በኋላ ነው። በመጀመሪያ ሲሰጥ ዕቃ መግዛት የማይችለው ተማሪ ሐሳቡን ሠርቶ እንዲያቀርብ ያስችለዋል። ሽልማቱ በመጨረሻ ብቻ ከሆነ ግን ከወዲሁ የሚያሸንፈው ወላጆቹ የዕቃውን ዋጋ መክፈል የቻሉለት ተማሪ ይሆናል። ከፍጻሜው በኋላ ሲሰጥ ደግሞ ሥራው በትምህርት ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ እንዳይጠጣ፣ በሙያ ማሠልጠኛ ወይም በፋብሪካ የጥገና ክፍል ውስጥ እንዲሻሻል ይረዳል። ስለሆነም ጠቅላላው ገንዘብ ለዕቃ፣ ለሽልማትና ለክትትል በሦስት ተከፍሎ ቢመደብ መልካም ነው። ከገንዘብ በተጨማሪም ፋብሪካዎች ቁርጥራጭ ብረት፣ ያገለገሉ ሞተሮችና የባለሙያ ምክር ሊለግሱ ይችላሉ።

የውድድሩ ርእስና ዳኝነት

ለምሳሌ ያህል በሐዋሳ ዙሪያ ካለ ወረዳ የመጣች አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ እንሰት የሚፍቅ መሣሪያ ሠራች እንበል። እናቷ የእንሰቱን ሽፋን ባጋደለ ሳንቃ ላይ ዘርግታ፣ በእግሯ ደግፋ፣ በቀርከሃ መፋቂያ ስትፍቅ ትውላለች፤ ልጅቱም ይህን ድካም ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። የውድድሩ ደጋፊ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ቢሆንና ርእሱን «የስፌት ሥራን የሚያፋጥን ፈጠራ» ብሎ ቢወስነው ልጅቱ ከደጅ ትቀራለች። ከፋብሪካው ጥቅም አኳያ ርእሱ ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ከትምህርት አኳያ ግን ተማሪዋ በዐይኗ ያየችውን ችግር ትታ ያላየችውን እንድትፈልግ ያስገድዳታል። ስለዚህ ዋናው ርእስ ለሁሉም ክፍት ሆኖ፣ ደጋፊው ከፈለገ ለሚመርጠው ዘርፍ አንድ ተጨማሪ ሽልማት ቢያቆም ሁለቱም ወገን አይጎዳም።

ዳኞቹም ከዩኒቨርሲቲው፣ ከሙያ ማሠልጠኛ ኮሌጆችና ከመምህራን ሊመረጡ ይገባል። የደጋፊው ድርጅት መሐንዲስ ስለ ሥራው አስተያየት ቢሰጥ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ነጥብ ሰጪ ሊሆን አይገባውም። የነጥብ መስጫው መመዘኛም ከውድድሩ በፊት ለተማሪዎቹ መነገር ይኖርበታል።

የደጋፊው ማንነትም ሊጤን ይገባል። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ በራዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ከልክሏል፤ መጠጡም ዕድሜያቸው 21 ዓመት ላልሞላቸው እንዳይሸጥ ደንግጓል። እንግዲያው እንዳይሸጥላቸው በሕግ የተከለከለውን መጠጥ ስም ተማሪዎቹ በካናቴራቸው ላይ ለብሰው እንዲቆሙ ማድረግ ከሕጉ መንፈስ ጋር የሚስማማ አይሆንም።

የተማሪው መብት

ከሁሉ ይልቅ ትኩረት የሚያሻው የፈጠራው ባለቤትነት ነው። በፈጠራ፣ በአነስተኛ ፈጠራና በኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 መሠረት የፓተንት መብት የፈጣሪው ነው። አንድ ሰው በቅጥር ሥራው ምክንያት የሠራው ፈጠራ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የአሠሪው ይሆናል። ተማሪ የደጋፊው ድርጅት ተቀጣሪ አይደለም፤ ስለዚህ ድርጅቱ የዕቃውን ዋጋ ስለ ከፈለ ብቻ ፈጠራው የእሱ ሊሆን አይችልም። መብቱ ሊተላለፍ የሚችለው በውል ነው። ችግሩም ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ይነሣል፤ በምዝገባ ቅጽ ግርጌ በደቃቅ ፊደል «የቀረቡት ሥራዎች የአዘጋጁና የደጋፊው ንብረት ይሆናሉ» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር ቢገባ ተማሪው ሳያነብ ሊፈርምበት ይችላል።

በሕጋችን ዕድሜው 18 ዓመት ያልሞላው ሰው አካለ መጠን ያላደረሰ ነው፤ የንብረት ጥቅሙን የሚጠብቅለትም ሞግዚቱ ነው። ከሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ብዙዎቹ ከዚህ ዕድሜ በታች በመሆናቸው ቅጹ በወላጅ ወይም በሞግዚት ሊነበብና ሊፈረም ይገባል፤ ይዘቱም ወላጅ በሚገባው ቋንቋ ሊነገር ያስፈልጋል።

ሌላው ብዙ መምህራን ልብ የማይሉት ጉዳይ የጊዜ ጉዳይ ነው። ፓተንት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ ፈጠራ ነው፤ በዐውደ ርእይ ላይ ለሕዝብ የታየ ነገር ደግሞ ከዚያች ዕለት ጀምሮ ይፋ እንደ ሆነ ይቆጠራል። የኢትዮጵያ ሕግ ፈጣሪው ራሱ ይፋ ካደረገው በኋላ በ12 ወራት ውስጥ ቢያመለክት አዲስነቱን አያሳጣውም። በአውሮፓ የፓተንት ሥርዓት ግን ከማመልከቻ በፊት ሥራን ይፋ ማድረግ፣ ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር፣ መብትን ያስቀራል። እንግዲህ የውድድሩ ቀን፣ ደስታው እንዳለ ሆኖ፣ ለተማሪው የጊዜ ገደብ መቁጠር የሚጀምርበት ቀን ነው። ከላይ የተጠቀሰችው ተማሪ ዘንድሮ መፋቂያዋን አሳይታ በሦስተኛው ዓመት ላይ ብታመለክት በሩ ተዘግቶ ታገኘዋለች፤ መሣሪያዋን አይቶ የገለበጠ ባለ ብረታ ብረት ግን ያለ ከልካይ ይሸጠዋል።

ፓተንት የሚጸናው ለ15 ዓመት ሲሆን ፈጠራው በአገር ውስጥ በሥራ ላይ መዋሉ ሲረጋገጥ ለተጨማሪ 5 ዓመት ሊራዘም ይችላል። ለአነስተኛ ፈጠራ የሚሰጠው የግልጋሎት ሞዴል የምስክር ወረቀት ደግሞ ለ5 ዓመት ይጸናል፤ ለሌላ 5 ዓመትም ሊታደስ ይችላል። ለተማሪዎች ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚስማማው ይህ ሁለተኛው ነው። ማመልከቻው የሚቀርበው ለኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ነው።

በድጋፍ ውሉ ሊካተቱ የሚገባቸው ነጥቦች

ሀ/ የውድድሩ ባለቤት የትምህርት ተቋሙ ወይም ጽሕፈት ቤቱ መሆኑ፤
ለ/ ድጋፉ ከአንድ ዓመት በላይ እንደሚቆይ፣ ሲቋረጥም ድርጅቱ አስቀድሞ ማስታወቅ እንዳለበት፤
ሐ/ ገንዘቡ ለዕቃ፣ ለሽልማትና ለክትትል የሚከፈልበት ድርሻ፤
መ/ ዳኞችን የሚመርጠው አዘጋጁ ብቻ መሆኑ፤
ሠ/ የፈጠራው መብት የተማሪው ሆኖ እንደሚቆይ፣ ድርጅቱ በፈጠራው መጠቀም ቢፈልግ ከተማሪውና ከሞግዚቱ ጋር ለብቻው በክፍያ እንደሚዋዋል፤
ረ/ ከድጋፉ የተወሰነው ክፍል ለአሸናፊዎች የማመልከቻ ወጪ እንደሚውል።

ማጠቃለያ

ይህ ሁሉ በሥራ ላይ የሚውለው በክበብ መምህራን አማካይነት ነው። ስለሆነም የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ስለ ክበብ አመራር በሚሰጡት ትምህርት ውስጥ ሁለት ነገሮችን ቢያክሉ ይበጃል። አንደኛው የድጋፍ ውልን አንብቦ መረዳት ሲሆን ሁለተኛው የሥራ መዝገብ አያያዝ ነው። ተማሪው ከመጀመሪያው ንድፍ ጀምሮ ሥራውን በቀን እየለየ በደብተር ቢጽፍና መምህሩ በየገጹ ቢፈርምበት፣ ክርክር በተነሣ ጊዜ ሥራው የማን እንደ ነበረ የሚያስረዳ ማስረጃ ይሆናል። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ እስክሪብቶ ነው፤ ይህን ለማሟላትም የየትኛውም ድርጅት ድጋፍ አያስፈልግም።