የጓሮው ባቡር

«አንተ ልጅ፣ ደግሞ በስተርጅና ባቡር መጫወት ጀመርክ?» አሉኝ አሮጊቷ ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ አሻግረው እያዩኝ። ሃምሳን የተሻገረ የሕግ ሰው ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ሐዲድ ሲያቃና ቢያዩት ምን ይበሉ? በወቅቱ ስቄ አለፍኩት። መልሱን ዛሬ ለእሳቸውም ለእናንተም ልስጥ።

የጓሮ ባቡር በጀርመንና በእንግሊዝ የቆየ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ይበልጥ የተስፋፋው ግን የኑረንበርጉ የሌማን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1968 ኤልጂቢ የተባለውን፣ ዝናብና ፀሐይ የሚችል ባቡር ለገበያ ካቀረበ በኋላ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2006 ከስሮ የንግድ ምልክቱ ወደ ሜርክሊን ኩባንያ ቢዞርም ባቡሩ ዛሬም ይሠራል። በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ያለው ስፋት 45 ሚሊ ሜትር ነው። የተለመደው መጠን ደግሞ አንድ ለ22.5 ነው። እስቲ 45ን በ22.5 አባዙት፤ አንድ ሜትር ከጥቂት ሚሊ ሜትር ይመጣል።

አንድ ሜትር ማለት የእኛው የምድር ባቡር ሐዲድ ስፋት ነው! እ.ኤ.አ. በ1897 ሥራው ከጂቡቲ ተጀምሮ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው አሮጌው መስመር ማለቴ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመር ስፋቱ 1.435 ሜትር ስለሆነ ከዚህ ልኬት ጋር አይገጥምም። እንግዲህ ጀርመኖች ለራሳቸው የተራራ ባቡር ብለው የሠሩት ሐዲድ ሳያስቡት የለገሃርን ባቡር ለመሥራትም ሆነ። 784 ኪሎ ሜትሩን ሁሉ ልሥራ ብል ግን ወደ 35 ኪሎ ሜትር ሐዲድ ያስፈልገኛል። ከለገሃር ተነስቼ ዱከም ልደርስ ምንም አይቀረኝም ማለት ነው። ስለዚህ በአንዲት ትንሽ ጣቢያ ተወሰንኩ።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ቀዳሚው ነገር ውኃው የሚወርድበትን መንገድ ማበጀት ነው። እኔ በመጀመሪያው ዓመት ሐዲዱን በቀጥታ ጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ ዘረጋሁት። ክረምት ሲገባ አፈሩ አበጠ፣ በጋ ሲመጣ ተሰነጠቀ፣ ሐዲዱም እንደ እባብ ተጠማዘዘ። በሁለተኛው ዓመት 20 ሴንቲ ሜትር ቆፍሬ አፈሩን አወጣሁና ጠጠር ሞላሁበት፤ ከላይ ደቃቅ ጠጠር አለበስኩት። ሐዲዱ ጠጠሩ ላይ ይቀመጣል እንጂ በሲሚንቶ አይታሰርም። ምክንያቱም 10 ሜትር የነሐስ ሐዲድ ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 6 ሚሊ ሜትር ይረዝማል፤ መላወሻ ካጣ ይጎብጣል።

ኩርባውን ለጋስ አድርጉት። ፋብሪካው የሚሸጠው ጠባቡ ኩርባ ሬዲየሱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ቦታ ካላችሁ ግን እጥፍ ይሁን። ዳገቱ በአንድ ሜትር ከ2 ወይም ከ3 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ አለዚያ ሎኮሞቲቩ ፉርጎዎቹን መጎተት ያቅተዋል። ኃይሉን በሐዲዱ ማስተላለፍ ይቻላል፤ ትራንስፎርመሩ ግን ዝናብ የማይደርስበት ቤት ውስጥ መቀመጥ አለበት። መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር በባትሪ የሚሄድና በሬዲዮ የሚታዘዝ ይሻላል። የሐዲድ መወልወልም ይቀርላችኋል።

ዓይንን የሚያሳምነው ግን ዝርዝሩ ነው። በዚህ መጠን አንድ ሜትር ከ70 የሆነ ሰው ሰባት ሴንቲ ሜትር ተኩል ይሆናል። 10 ሜትር የሆነ ዛፍ 44 ሴንቲ ሜትር ነው፤ የተገረዘ የጥብስ ቅጠል ልክ ይመጣለታል። ለሣሩ ጦስኝ ተከልኩ። ፋብሪካው ሐዲዱ የሚያርፍባቸውን አግዳሚዎች የእንጨት አስመስሎ ቡናማ አድርጓቸዋል፤ የእኛ መስመር ግን የብረት አግዳሚ ነበረው። ስለዚህ አንድ በአንድ የዛገ ብረት ቀለም ቀባኋቸው። ፉርጎዎቹንም አቧራ በመሰለ ቀጭን ቀለም አደበዘዝኳቸው፤ አዲስ የሚያብረቀርቅ ነገር መጫወቻ ይመስላልና።

ችግሩ የመጣው ጣቢያዋን ልሠራ ስነሳ ነው። ፕላን ፈልጌ ስላጣሁ ሜትር ይዤ ወደ ቦታው ሄድኩ። ግድግዳው አለ። በሩ፣ መስኮቱ፣ የቲኬት መሸጫው መዝጊያ፣ የስም ሰሌዳው የለም። ግድግዳውን ለካሁት፤ የሌለውን ግን በምን ልለካው? እኛ የሕግ ሰዎች ዋናው ሰነድ ሲጠፋ ቅጂ እንፈልጋለን፤ ቅጂም ሲጠፋ ምስክር እንጠራለን። ለዚህች ጣቢያ ግን ቅጂ ያስቀመጠላት አላገኘሁም፤ ምስክሮቿም እያረጁ ናቸው። ለጎረቤቴ ልሰጥ የፈለግሁት መልስ ይኸው ነው። መጫወቻ ሠሪ እያንዳንዱን ነገር መለካት ግድ ስለሚሆንበት ምን እንደጠፋ ከሌላው ሰው ቀድሞ ያውቃል።

ሥራው ሲያልቅ እሳቸውን ቡና ጠርቼ አሳየኋቸው። ከድሬዳዋ በባቡር ተሞሽረው የመጡ ሴት ናቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጎንበስ ብለው ረዘም ላለ ጊዜ አዩና «ደወሉስ?» አሉኝ። ምን ደወል? «እንዴ! በሩ አጠገብ የተሰቀለው ነዋ። እሱ ሳይደወል ባቡር ይነሳል?»

ደወል እንደነበረ የሰማሁት ያን ቀን ነው። መጠኑንም የተሰቀለበትንም ከፍታ በእጃቸው አሳዩኝ፤ እኔም ወዲያው በሜትር ለካሁት። ውድ አንባብያን፣ በአልበማችሁ ውስጥ ከአያታችሁ ጀርባ ጣቢያ የሚታይበት ፎቶግራፍ ካለ አትጣሉት። አያታችሁ በሕይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ጠይቋቸው።

ቸር ሰንብቱ።