ባለረጅም ዘመን ጅራታም ኮከቦች፦ የቀድሞና የወደፊት ምሕዋራቸው እንዴት ይሰላል?



ፀሐይን አንድ ጊዜ ለመዞር ከ200 ዓመት በላይ፣ አንዳንዶቹም ሚሊዮኖች ዓመታት የሚፈጅባቸውን ጅራታም ኮከቦች ባለረጅም ዘመን እንላቸዋለን። ከዚህ ሁሉ ጉዞ ለእኛ የሚታየን የጥቂት ወራት ወይም ዓመታት ቁራጭ ብቻ ነው። ከዚያች ቁራጭ ተነሥተን ከየት እንደ መጡና ወዴት እንደሚሄዱ መናገር የምንችለው እንዴት ነው?

በቅድሚያ፣ በፀሐይ አጠገብ የተለካው ምሕዋር ያለፈውንም የሚመጣውንም በቀጥታ አይነግረንም። ኢክሰንትሪሲቲ የተባለው የቅርጽ መለኪያ ከ1 ሲያንስ መንገዱ የተዘጋ ሞላላ፣ ከ1 ሲበልጥ መመለሻ የሌለው ሃይፐርቦላ ይሆናል። አንዳንድ ጅራታም ኮከቦች ከ1 በጥቂቱ የሚበልጥ ቁጥር ስለሚያሳዩ፣ ከሥርዓተ ፀሐይ ውጭ የመጡ ባዕዳን ይመስላሉ። የኮፐንሃገኑ የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤሊስ ስትሮምግሬን እ.ኤ.አ. በ1914 የፕላኔቶችን ስበት አስበው ስሌቱን ወደ ኋላ ሲመልሱ ግን፣ ወደ ፕላኔቶች ክልል ከመግባታቸው በፊት መንገዳቸው ሞላላ እንደ ነበር አሳዩ።

አሠራሩ ዛሬም በመሠረቱ ያው ነው። ምሕዋሩ ከምልከታዎች ከነስሕተት ወሰኑ ይገኛል። ቀጥሎ የፕላኔቶች ስበት እየታሰበ ጉዞው በኮምፒዩተር ደረጃ በደረጃ ወደ ኋላ ይመለሳል። የመሬትና የፀሐይን ርቀት 250 እጥፍ ያህል ሲርቅ፣ ምሕዋሩ በፀሐይ ፈንታ ከመላው ሥርዓተ ፀሐይ የመጠነ ቁስ ማዕከል አንጻር ይሰላል። ይህ የቀድሞው ምሕዋር ነው፤ ስሌቱን ወደ ፊት ስናካሂደው ደግሞ የወደፊቱን እናገኛለን። ኔዘርላንዳዊው ያን ኦርት እ.ኤ.አ. በ1950 ዛሬ በስማቸው የሚጠራውን የሩቅ ደመና መኖር ያመለከቱት፣ የ19 ጅራታም ኮከቦችን የቀድሞ ምሕዋር መርምረው ነው።

የቀድሞውና የወደፊቱ ሁለት የተለያዩ መልሶች ናቸው። ሄል-ቦፕ እ.ኤ.አ. በ1996 በጁፒተር አቅራቢያ ሲያልፍ፣ 4,200 ዓመት ገደማ የነበረው የዙር ዘመኑ ወደ 2,500 ዓመት ገደማ አጠረ። እ.ኤ.አ. በ1980 የተገኘው የቦወል ጅራታም ኮከብ በአንጻሩ፣ በጁፒተር ስበት ተወርውሮ ዳግመኛ ላይመለስ በመሄድ ላይ ነው።

ስሌቱ ወሰንም አለው። የምሕዋሩን ስፋት የምናሰላው ከግማሽ ረጅም ዘንጉ ተገላቢጦሽ ነው። በመሬትና በፀሐይ ርቀት መለኪያ ይህ ቁጥር 0.00004 ሲሆን የዙሩ ዘመን 4 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው፤ 0.00002 ሲሆን ግን ከ11 ሚሊዮን ይበልጣል። ኢምንት የሚመስል የልኬት ስሕተት ሚሊዮኖች ዓመታትን ያዛንፋል ማለት ነው። ከበረዶው የሚተነው ጋዝ ራሱን ኮከቡን በትንሹ ይገፋዋል፤ በሩቁ ደግሞ የፍኖተ ሐሊብና በአቅራቢያ የሚያልፉ ከዋክብት ስበት መንገዱን ይለውጣል። ስለዚህ በስሕተቱ ወሰን ውስጥ የሚወድቁ ብዙ መነሻ ምሕዋሮች አብረው ይሰላሉ፤ መልሱም አንድ መስመር ሳይሆን የመስመሮች ስርጭት ይሆናል።

ይህ ጥንቃቄ ባዕዱን ከዘመዱ ይለይልናል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተገኘው ቦሪሶቭ ኢክሰንትሪሲቲው ከ3 በላይ ስለ ነበረ፣ የፕላኔቶች ስበት ታስቦ ቢታረምም ከሌላ ሥርዓተ ኮከብ መምጣቱ አያጠራጥርም። ቁጥሩ ከ1 እምብዛም ያልራቀውን ግን፣ ስሌቱን ወደ ኋላ ሳንመልስ ባዕድ ነው ብለን አንፈርድበትም።