ባትሪ ለመግዛት ከመሮጥዎ በፊት

ጥር 23 ለሚከበረው የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ መጥቶ ያደረ እንግዳ፣ በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን ሲያዞር መኪናው «ቀጭ ቀጭ» ብሎ እምቢ ሊለው ይችላል። ያው መኪና ትናንት ዳንግላ ላይ በአንድ ቁልፍ ተነስቶ ነበር። ባትሪው በአንድ ሌሊት አልሞተም፤ ቀድሞም ደክሞ ነበር። እንጅባራ ከባሕር ጠለል ከ2,500 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ዳንግላ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች። ሲበርድ ባትሪ ይለግማል፣ የሞተር ዘይት ይወፍራል፤ ወረድ ሲባል ያልታወቀው ድካም ደጋ ላይ ይጋለጣል።

ብዙ ሰው ታዲያ በቀጥታ ወደ ባትሪ መሸጫ ይሄዳል። ገንዘቡ ያሳዝነኛል፤ ጥፋቱ ሌላ ቦታ ሊሆን ይችላልና።

የፊት መብራቱን አብርተው ቁልፉን ያዙሩና ያዳምጡ። መብራቱ ፍዝዝ ብሎ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ከተደጋገመ፣ ወይ ባትሪው ባዶ ነው ወይ ገመዱ በደንብ አልያዘም። መብራቱ ሳይፈዝ አንድ ጊዜ ብቻ «ቀጭ» ካለ ሞተሪኖውን ይጠርጥሩ፤ ካርቦኑ ያለቀ ሞተሪኖ እንዲህ ያደርጋል። ጭራሽ ድምፅ ከሌለ ፊውዙንና የቁልፉን መስመር ማየት ነው። ሞተሩ እንደ ልቡ እየዞረ የማይነሳ ከሆነ ግን ባትሪውን ይተዉት፤ የጎደለው ነዳጅ ወይም እሳት ነው።

ቀጥሎ ኮፈኑን ይክፈቱ። የባትሪው ራስ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ከተጋገረ ኃይል አያሳልፍም። ቁልፉን አጥፍተው መጀመሪያ ኔጌቲቩን ይፍቱ፤ ራሱንም የገመዱን ማሰሪያም ብረቱ እስኪያብረቀርቅ በብርጭቆ ወረቀት ይፈግፍጉ። ሲመልሱ ኔጌቲቩ የመጨረሻ ይሁን። ማሰሪያው በእጅ ሲወዘወዝ መነቃነቅ የለበትም። ከባትሪው ወደ ሞተሩና ወደ ቦዲው የሚሄደውን የማሳ ገመድም አይርሱ፤ እሱ ከላላ አዲስ ባትሪም አያድንም።

ቴስተር ካለ ነገሩ ይቀላል። ያረፈ ሙሉ ባትሪ 12.6 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ግማሽ ነው፤ ከ12 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ሞተሩ ከተነሳ በኋላ በድጋሚ ይለኩ፤ ከ13.8 እስከ 14.5 መድረስ አለበት። እዚያው 12 ላይ ከቀረ ዲናሞው አይሞላም ወይም ቺንጋው ላልቷል። በዚህ ሁኔታ የተገዛ አዲስ ባትሪ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ አሮጌው ይደርቃል፤ ገንዘቡም አብሮ ይሄዳል።

ከሌላ መኪና በገመድ ሲያስነሱ የሚሰጥዎትን መኪና ይምረጡ። ከዳንግላ እንጅባራ ባለው መንገድ ላይ ቀድሞ የሚቆምልዎ የጭነት መኪና ሊሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ ግን ሁለት ባትሪ አያይዘው በ24 ቮልት ይሠራሉ። ያንን ከትንሽ መኪና ጋር ማገናኘት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። ሾፌሩን አመስግነው ባለ 12 ቮልት መኪና እስኪመጣ ይጠብቁ።