«በየማለዳው ሳጠጣት ነው የሞተችብኝ!»

ነገሩ እንዲህ ነው። አንዲት የሃያ ሁለት ዓመት የአዲስ አበባ ልጅ አምና ፍቅረኛዋ ወደ ውጭ ሲሄድ በወተት ጣሳ የተተከለች፣ የሻይ ሳህን የምታህል ተክል ሰጥቷት ሄደ። «እኔን እያሰብሽ ተንከባከቢያት» ብሏታል። አደራ አይደል? ልጅት ጠዋት ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ በፊት እሷን ታጠጣለች። ክረምት ሲገባ ደግሞ «ትጥገብ» ብላ ደጅ አወጣቻት። ነሐሴ ላይ ቅጠሎቿ ከሥራቸው ጀምረው ላመጡ፣ ሸተቱ። «አሁን ምን ብዬ ልነግረው ነው?» እያለች መጣች።

ለመሆኑ ተክሏ ማን ነበረች? ልጅቷ «ካክተስ» ትላታለች፣ እናቷ ደግሞ «እሬት ናት» ይላሉ። እናት ልክ ናቸው። ቅጠሎቿ ላይ ነጫጭ ነጠብጣብ፣ ጠርዙ ላይ ለስላሳ ነጭ ጥርስ፣ ጫፉ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ክር ካለ፣ የደቡብ አፍሪካና የሌሶቶ ተወላጅ የሆነችው ትንሿ እሬት ናት። ሀዎርዝ የተባለ እንግሊዛዊ በ1825 እ.ኤ.አ. አሎ አሪስታታ አላት፤ በ2014 እ.ኤ.አ. ደግሞ ተመራማሪዎች ከእሬቶች ለይተው አሪስታሎ የሚል የራሷን ወገን ሰጧት። (እኛ ግን እሬት ማለታችንን አንተውም!)

የምታሳስተው ሀዎርቲያ የምትባለው ናት፤ ስሟም ከዚያው ሰውዬ የመጣ ነው። ቅጠላቸው ቁርጥ እህትማማች ነው። ስለዚህ አበባ ሳታዩ አትማሉ። የኛዋ ረዘም ባለ ዘንግ ላይ ብርቱካንማ ቀይ ቱቦ የመሰሉ አበቦች ታንጠለጥላለች፤ የሀዎርቲያ አበባ ግን ደቃቅና ነጣ ያለ ነው።

አደራ፣ «እሬት ከሆነች መድኃኒት ናት» ብላችሁ እንዳትጠጧት! ለፊት የሚቀባው አሎቬራ ሌላ ዝርያ ነው። በእሬቶች ቅጠል ልጥ ሥር ያለው ቢጫ መራራ ፈሳሽ ደግሞ ሆድ ያጣድፋል፤ ለነፍሰ ጡር ከቶ አይሆንም።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። ጣሳው ለካ ቀዳዳ የለውም! ውሃው የት ይሂድ? ደግነቱ እሬቷ ከጎኗ ሁለት ልጆች አውጥታ ነበር። በንጹሕ ቢላዋ ለይታ፣ የበሰበሰውን ቆርጣ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ ሦስት አራት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀመጠቻቸው። ከዚያ በምስማር የተበሳ ጣሳ፣ ግማሽ አፈር ግማሽ አሸዋ፣ ለሳምንት ያህል ያለ ውሃ። አሁን ጣቷን አፈሩ ውስጥ ትሰዳለች፤ ከደረቀ ብቻ በሥሩ እስኪፈስ ታጠጣለች፣ ቅጠሎቹ መሃል ግን ጠብ አታደርግም። የጠዋት ፀሐይ የምታገኝ መስኮት ላይ ናት፤ በክረምት ከቤት አትወጣም።

አንዷ ደረቀች፣ አንዷ ያዘች። ልጁ ሲደውል «እሬቴ እንዴት ናት?» ይላል፤ እሷም «ደህና ናት» ትለዋለች። ውሸት ነው እንዴ? እስቲ እናንተ ፍረዱ።