አምፖሉን ተዉትና ምጣዱን ቁጠሩ

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እናታችሁ በኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ጊዜ እንጀራ ጋግራ ስትነሳ የፈጀችው ኤሌክትሪክ በእጃችሁ የያዛችሁትን ስልክ ስንት ጊዜ ይሞላዋል? አሥር ጊዜ? ሃምሳ? እስቲ አብረን እናስላው። የተለመደው የቤት ምጣድ 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ለቤተሰብ የሚበቃ እንጀራ ለመጋገር፣ ምጣዱ እስኪግል ያለውን ጨምሮ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቢወስድ 5 ኪሎ ዋት ሰዓት አለፍ ይላል። ባለ 5,000 ሚሊ አምፒር ባትሪ ስልክ ደግሞ ከዜሮ እስከ መቶ ቢሞላ፣ ቻርጀሩ የሚያባክነውን ጨምራችሁም፣ 25 ዋት ሰዓት ቢፈጅ ነው። ስለዚህ መልሱ ከ200 ጊዜ በላይ ነው። በቀን አንዴ ቻርጅ የምታደርጉ ከሆነ፣ የአንድ ጠዋት ጋገራ ስልካችሁን ከስድስት ወር በላይ ያቆየዋል ማለት ነው።

ሂሳቡን ያመጣሁት ለጨዋታ አይደለም። ስለ ኃይል ስናወራ አምፖል መቁጠር ለምዶብናል። ቋንቋችን ራሱ ያሳብቅብናል፤ ኤሌክትሪክን «መብራት» ነው የምንለው። መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ፣ መብራት ኃይል። አንድ ቀበሌ «መብራት ገባለት» ከተባለ ጉዳዩ ያለቀ ይመስለናል። ማታ ማጥናት ተቻለ፣ ስልክ ተሞላ፣ ቴሌቪዥን ተከፈተ። ጥሩ ነው፣ ማን ይጠላል? ግን በደጋው ጎጃም አንድ ቤት ውስጥ ከሚወጣው ኃይል ትልቁን ድርሻ የሚበላው አምፖሉ ሳይሆን ምጣዱ ነው። እንጀራ በአገር ደረጃም ቤተሰቦች ከሚጠቀሙት ኃይል ከግማሽ በላይ እንደሚወስድ ጥናቶች ደጋግመው አሳይተዋል። ታዲያ «ታዳሽ ኃይል ለእድገት» የሚለውን ትልቅ ወሬ በጎጃም ለመመዘን ከማድ ቤት መጀመር ይሻላል ባይ ነኝ።

ውሃውንማ ጎጃም መች አጣው። ከደብረ ማርቆስ በስተሰሜን ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ጮቄ ቆሟል። ከሱ ጉያ ጨሞጋ፣ ጀደብ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ ይወርዳሉ፤ መጨረሻቸው ዓባይ ነው። ዓባይ ደግሞ ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ነው የሚሄደው። በዚህ ውሃ ኤሌክትሪክ ማመንጨት የተጀመረውም ዛሬ አይደለም። የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ጣቢያ በ1956 ዓ.ም. ገደማ ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፤ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተንቀሳቀሰው በሱ ነው። በ1993 ዓ.ም. ሁለተኛው ተጨመረ፣ የፏፏቴውም ጢስ ሳሳ። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የጣናን ውሃ በዋሻ አሻግሮ ወደ በለስ የሚለቀው 460 ሜጋ ዋት ያለው ጣና በለስ ተመረቀ። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ፣ ድሮ በጎጃም ሥር በነበረው መተከል፣ ጉባ ላይ የታላቁ ህዳሴ ግድብ ምረቃ ሆነ። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት።

አንድ ያልተሠራም አለ። ጨሞጋ የዳ ይባላል። ደብረ ማርቆስ አጠገብ ባሉት በጨሞጋ፣ በየዳና በአካባቢው ወንዞች ላይ 280 ሜጋ ዋት ገደማ ለማመንጨት የታቀደ ነበር፤ ከቻይናው ሲኖሃይድሮ ጋር ውል እስከመፈራረም ተደርሶ ነበር። ግድቡ ግን የለም። በአካባቢው ስሙን የማያውቅ ትልቅ ሰው ጥቂት ነው፣ ወጣቱ ግን እየረሳው ይመስለኛል።

እሺ፣ ኃይሉ መነጨ እንበል። እንዴት ነው ማድ ቤት የሚደርሰው? ከበለስ የተነሳው ኃይል ባሕር ዳር ይገባና በ400 ኪሎ ቮልት መስመር በደብረ ማርቆስ በኩል አድርጎ፣ የዓባይን በረሃ ተሻግሮ ሱሉልታ ይደርሳል። የእነዚያ ትልልቅ የብረት ማማዎች ሽቦ በገበሬው ማሳ ላይ ያልፋል፤ ከሥሩ ያለው ቤት ግን በኩራዝ ሊሆን ይችላል። ብዙ ሰው ይሄን ሲያይ «ከላያችን ላይ እያለፈ እንዴት አንድ ሽቦ አይጎትቱልንም?» ይላል። ንዴቱ ይገባኛል፣ ግን አይቻልም። 400 ሺህ ቮልት እንዲሁ አይቀነጠብም። መጀመሪያ ማከፋፈያ ጣቢያ ገብቶ መውረድ አለበት፣ ከዚያ በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ ገጠር ይዘረጋል፣ መጨረሻ ላይ መንደሩ ጫፍ ባለው ትራንስፎርመር 220 ይሆናል። ገንዘቡ የሚያልቀው፣ ሥራውም የሚጓተተው እዚህ ታችኛው ክፍል ላይ ነው። ግድብ ይመረቃል፣ በቴሌቪዥን ይታያል። ትራንስፎርመር ሲተከል ግን ማን ሪባን ይቆርጣል?

እስቲ ትራንስፎርመሩንም እናስላው። ለገጠር መንደር የሚተከለው ብዙ ጊዜ ባለ 25 ወይም ባለ 50 ኪሎ ቮልት አምፒር ነው። 50ውን ለ3.5 አካፍሉት። አሥራ አራት! አሥራ አራት ምጣድ አንድ ላይ ከተለኮሰ ትራንስፎርመሩ ጣሪያው ላይ ደርሷል። ባለ 25ቱ ደግሞ ሰባት ምጣድ ነው የሚችለው። መቶ አባወራ ያለበት መንደር በፋሲካ ዋዜማ ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። በበዓል ዋዜማ መብራት የሚጠፋው የሆነ ሰው ተመቅኝቶ አይደለም፤ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት ስለሚጋግር ነው።

ይሄው ስሌት ወደ ላይም ይሠራል። የህዳሴ ግድብ ሁሉም ተርባይኖች በሙሉ አቅማቸው ቢዞሩ በአንድ ቅጽበት ማስነሳት የሚችሉት ምጣድ አንድ ሚሊዮን ተኩል ገደማ ነው። ሲሰሙት ትንሽ ያስደነግጣል። ነገር ግን በዓመት ይመረታል ተብሎ የታቀደውን፣ ከ15,000 ጊጋ ዋት ሰዓት በላይ የሚሆነውን፣ በሳምንት ሁለቴ ለሚጋግር ቤት ብታካፍሉት ከ25 ሚሊዮን በላይ ቤት ይደርሰዋል። ልብ በሉ፣ ግድቡ ያው አንድ ግድብ ነው፣ ልዩነቱ ሰዓት ነው። ሁሉም በአንዴ ከጋገረ አይበቃም፣ ተራ በተራ ከሆነ ይተርፋል። እውነት ነው፣ ፋብሪካም አለ፣ ኤሌክትሪክ መኪናም መጥቷል፣ ወደ ጎረቤት አገር የሚሸጥም አለ። ቢሆንም ችግሩ የውሃ ማነስ ሳይሆን የሽቦ፣ የትራንስፎርመርና የሰዓት መሆኑን ሂሳቡ ቁልጭ አድርጎ ያሳያል።

ኤሌክትሪክ ምጣዱ ጋ እስኪደርስ ድረስ ደጋው በምን ይጋግራል? በኩበትና በባሕር ዛፍ። በስናን፣ በጎዛምን፣ በማቻከል ብትሄዱ ከቤት ጓሮ የተከመረ ኩበት ታያላችሁ፤ የሚለቅሙትና የሚጠፈጥፉት በአብዛኛው ሴቶችና ልጆች ናቸው። ጭሱ ለዓይንና ለሳንባ የሚያደርገውን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙ የማይወራለት ሌላ ጉዳት ግን አለ፤ አፈሩ። በዝናብ ብዛት ካልሲየሙ ታጥቦ የሄደው የደጋው አፈር አሲዳማ ሆኗል። ስንዴና ገብስ እምቢ ሲሉ ገበሬው ኖራ ይፈልጋል፣ ማዳበሪያ በውድ ይገዛል። ወደ ማሳው መመለስ የነበረበት ፍግ ግን በየጠዋቱ ምጣድ ሥር ይነዳል። አንድ ቤት የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲያገኝ እኮ የሚድነው ዛፍ ብቻ አይደለም፣ የቀጣዩ ዓመት እህል ጭምር ነው። ኃይልና እድገት በጎጃም የሚገናኙበትን ቦታ አሳዩኝ ብትሉኝ ይቺን የኩበት ክምር ነው የማሳያችሁ።

ገበሬው ታዲያ እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ወደ አዊ ልውሰዳችሁ፣ ፋግታ ለኮማ፣ አዲስ ቅዳም። እዚያ «ዲከረንስ» የሚባል ዛፍ አለ። እንደ ባሕር ዛፍ ሁሉ አገሩ አውስትራሊያ ነው፤ ግን የጥራጥሬ ዘመድ ስለሆነ ናይትሮጅን ወደ አፈር ያስገባል። አሠራሩ ደግሞ ደስ ይላል። ገበሬው ችግኙን ከጤፍ ጋር አንድ ላይ ማሳው ላይ ያውላል። የመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል። ቀጥሎ በዛፎቹ መካከል የበቀለውን ሣር ለከብት ያደርጋል ወይም ይሸጣል። በአራትና በአምስት ዓመቱ ዛፉን ቆርጦ እዚያው ያከስለዋል፣ ከሰሉን ይሸጣል፣ ከዚያ እንደገና ጤፍ ከችግኝ ጋር። ለእህል እምቢ ያለ አሲዳማ መሬት ገንዘብ አመጣ። በሳተላይት ፎቶ እንኳ ወረዳው ከዓመት ዓመት እየለመለመ ሲሄድ ታይቷል። ችግኝ አፍልቶ የሚሸጥ ወጣት፣ ከሰል የሚያከስል፣ የሚጭን፣ የሚያወርድ፤ ስንቱ ሥራ አገኘ።

ከሰል ሲባል ሁላችንም የሚታየን የተጨፈጨፈ ደን ነው። እውነትም የአገራችን ከሰል አብዛኛው ከተፈጥሮ ደን ነው የሚመጣው። እዚህ ግን ከሰል ሰብል ሆኗል፤ ይዘራል፣ ይታጨዳል፣ ይዘራል። «ታዳሽ ኃይል» ሲባል የፀሐይ ፓነል ብቻ ለሚታየው ሰው ይህ መልካም ትምህርት ነው። ችግር የለውም አልልም። በአፈር ተሸፍኖ በሚከሰልበት መንገድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት ኪሎ በላይ እንጨት ይሄዳል፤ የሚያከስለው ሰው ጭሱን ይጠጣል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ደግሞ ዛፉን የፈንገስ በሽታ ገብቶበት ብዙ ማሳ ጎድቷል። ወረዳ ሙሉ በአንድ ዝርያ ላይ ሲንጠለጠል የሚመጣ አደጋ ነው። የሚገርመው፣ ያ ከሰል በአይሱዙ ተጭኖ አዲስ አበባ ይገባና ኤሌክትሪክ ባለበት ኮንዶሚኒየም ውስጥ ቡና ያፈላል።

ባዮጋዝስ? በ2001 ዓ.ም. ገደማ በተጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም አማራ ክልል ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበር። ለኩበቱ ጣጣ ከሁሉ የተሻለው መልስ ይመስላል፤ ጋዙ ይነዳል፣ ዝቃጩ ደግሞ ወደ ማሳ ይመለሳል። ግን አራት ከብትና በቂ ውሃ ይፈልጋል፣ የጮቄ ብርድ ደግሞ ጋዙን ያዘገየዋል። ከሁሉ በላይ፣ ለወጥና ለቡና ግሩም ሆኖ ሳለ ሰፊውን ምጣድ እኩል ማጋል ያቅተዋል። ዞሮ ዞሮ ምጣዱ ላይ መጣን! የፀሐይ ፓነልም እንዲሁ ነው። ለአምፖልና ለስልክ በቂ ነው፣ እኩለ ቀን ላይ የመስኖ ፓምፕ ለመንዳትማ ባትሪ እንኳ አያሻውም። ለምጣድ ግን ጣሪያ ሙሉ ፓነል ያስፈልጋል። በ2010 ዓ.ም. ይፋ የሆነው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እስከ 2025 እ.ኤ.አ. ኤሌክትሪክ ለሁሉም ይዳረሳል ብሎ ነበር፤ ከፊሉም በፀሐይ። አምፖል ለሚቆጥር ሰው ባለ አነስተኛ ፓነሉም ቤት «ኤሌክትሪክ አግኝቷል»።

ቆጣሪ ያለው ቤትስ? ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ታሪፉ በየሦስት ወሩ ከፍ እያለ ነው። ርካሹ እርከን በወር እስከ 50 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። በሳምንት ሁለቴ መጋገር ብቻውን 45 ገደማ ይበላል። ማቀዝቀዣ ወይም ቴሌቪዥን ካለ እርከኑን አለፈ ማለት ነው። ስለዚህ ምጣድ ያስገባ ቤት ከርካሹ ዋጋ ይወጣል፣ በኩበት የሚጋግረው ደግሞ በርካሹ ይቆያል። ይሄ ለእኔ የተገለበጠ ነገር ነው። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ያለው ግጭት ሲጨመርበት ደግሞ የተበላሸ መስመር ለመጠገን መሄዱ ራሱ ፈተና ሆኗል።

ሊሠራ የሚችል ነገር ግን አለ። ኤሌክትሪክ ላልደረሰበት ቤት ከሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ የሚጠጋ ይቀንሳል፤ ሁለት ሦስት ወጣት ሻጋታ ገዝተው ሊያመርቱት ይችላሉ። ትራንስፎርመር ላለው መንደር ደግሞ የጋራ መጋገሪያ ቤት ይታየኛል። ሦስት ፌዝ መስመር፣ አምስት ስድስት ምጣድ፣ የየቤቱ ተራ በሰዓት የተመደበ፣ ምጣዱ ከጋለ ሳይቀዘቅዝ ቀጣዩ ሊጥ የሚቀጥልበት። መንደሩን በሙሉ በሰባት ምጣድ ማብላት ይቻላል። ከተማ ውስጥ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ ሴቶች ይህንኑ ነው የሚያደርጉት።

ምጣዱ ራሱም ሥራ ይፈልጋል። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ የሸክላ ሰሌዳ ነው፣ ከሥሩ ቦይ ተቆፍሮ ሽቦ የሚቀበርበትና በጀሶ የሚታሸግ። እዚሁ ደብረ ማርቆስ ገበያ የሚሠሩት አሉ። ሸክላው ወፍራም ስለሆነ ለመጋል ብዙ ይጠጣል፤ ከሥሩም ሙቀት የሚይዝ ነገር ስለማይደረግለት ከሙቀቱ የተወሰነው ወደ ወለሉ ይሄዳል። ሸክላውን ማሳሳት፣ ከሥሩ ሙቀት የሚይዝ ነገር መጎዝጎዝ፣ ሽቦውን 3,500 ሳይሆን 2,500 ዋት አድርጎ በደንብ ማስጋገር። ባለ 50 ትራንስፎርመሩ ያኔ አሥራ አራት ሳይሆን ሃያ ምጣድ ይሸከማል፣ አንድም ምሰሶ ሳይጨመር። የኢንጂነሪንግ ተማሪ የሆናችሁና የመመረቂያ ፕሮጀክት ርዕስ የቸገራችሁ ካላችሁ፣ ገበያ ወርዳችሁ አንድ ምጣድ ገዝታችሁ ገልብጡት።