ፉከራ ለማስተማር ቀላል ነው

የአድዋ በዓል ሲደርስ ጎፈር የሚደፋ፣ የካርቶን ጋሻ የሚያነግብ ልጅ አይጠፋም። ዘራፍ ሲል ሜዳው ይናወጣል፤ ስንኙን ለማጥናት የእኔ እገዛ እንኳ አያስፈልገውም። ፉከራ፣ ቀረርቶና ሽለላ በአማርኛ ትምህርታችን በስነቃል ሥር ቦታቸውን ይዘዋል። ፈተናቸውም አያስቸግርም፦ ከሚከተሉት ውስጥ ፉከራ የሆነው የቱ ነው? ልጁ አንዷን ፊደል አክብቦ ይወጣል። ስለ ጦርነት ምን ተማረ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

የማስተምረው ሁለተኛ ደረጃ ነው። ተማሪዎቼ በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ሲፈነዳ ገና የአንደኛ ደረጃ ልጆች ነበሩ። በጥቅምት 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነት ተፈረመ፤ ከዚያም በኋላ ጥይት ያልቆመበት አገር አለ። ከመካከላቸው ወንድሙ ዘምቶ የቀረ፣ ከቀዬው ተፈናቅሎ የመጣ፣ ጦርነትን በስልክ ብቻ ያየም ይኖራል። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ።

“ቁስል አትነካካ” የሚሉኝ ባልደረቦች አሉ። ስጋታቸውን አልንቅም። ነገር ግን እኛ ዝም ስላልን ልጁ ወሬውን አይተወውም፤ ቲክቶክ ላይ ይሰማዋል። እዚያ የሚሰማው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፉከራ ነው።

አንድ ጊዜ ስለ ፉከራ ባሕርይ ሳስረዳ፣ ተናጋሪው ራሱ ጀግናው እንደሆነ፣ ገድሉንና ዘሩን እየጠራ ራሱን እንደሚያወድስ እየዘረዘርኩ ሳለ፣ ከኋላ ወንበር አንዲት ልጅ “ቲቸር፣ የተገደለውስ ስሙ ማን ነው?” አለችኝ። ክፍሉ ሳቀ። ጥያቄዋ ግን የሥነ ጽሑፍ ጥያቄ ነበር፤ ማን ይናገራል፣ ማን ዝም እንዲል ተደርጓል የሚል። ከዚያ ወዲህ ከፉከራው ቀጥዬ ሙሾ አስተምራለሁ። ልጆቹ ከአያት፣ ከጎረቤት እየጠየቁ ይመጣሉ። በሙሾ ውስጥ ሟቹ ስም አለው፣ እናት አለችው፣ ጀምሮት የቀረ ሥራ አለው። ድሮም ቢሆን በጀግና ለቅሶ ላይ ፉከራውና ሙሾው በአንድ ድንኳን ይሰሙ ነበር፤ የለያየናቸው እኛ መምህራን ነን።

ከፍ ላሉት ክፍሎች የምሰጠው የበዓሉ ግርማን “ኦሮማይ” ነው። መጽሐፉ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ገጹ ይበጣጠሳል፤ ፎቶ ኮፒው ደግሞ ዳሩ ይቆረጣል፤ ግድ የለም። ልጆቹ መጀመሪያ የሚያነቡት ለባለታሪኩ ፍቅረኛ ለፊያሜታ ብለው እንደሆነ አውቃለሁ፤ ይሁን፣ ፍቅሩ ያስገባቸው። ቆይተው ግን ባለታሪኩን ያስተውሉታል። ጸጋዬ የቴሌቪዥን ጋዜጠኛ ነው፤ አስመራ የወረደው ደርግ ኤርትራ ውስጥ ላካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ፕሮፓጋንዳ ሊሠራ ነው። ጦርነትን አሳምሮ ማቅረብ እንጀራው የሆነ ሰው ጦርነቱን በዓይኑ ሲያየው ምን ይሆናል? ለዚህ ትውልድ ከዚህ የሚቀርብ ጥያቄ አላውቅም። አንዳንዱ ተማሪ እኮ ራሱ ቪዲዮ ቆርጦ፣ ሙዚቃ ጨምሮ የሚለቅ ነው። የጸጋዬን ምዕራፎች ካነበብን በኋላ የትኛው ቃል ለማን ጥቅም እንደተመረጠ ራሳቸው እየለቀሙ ያወጡልኛል።

ጸሐፊውም የውጭ ተመልካች አልነበረም፤ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ሆኖ ዘመቻውን ከቅርብ ያየ ሰው ነው። መጽሐፉ በ1975 ታትሞ ብዙ ሳይቆይ ከገበያ ተሰበሰበ፤ እሱም ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። ይህን ስነግራቸው “ለልብ ወለድ?” ይሉኛል። አዎ፣ ለልብ ወለድ። የድርሰት ኃይል ምን ያህል እንደሆነ ለማስረዳት ከዚህ ሌላ ምሳሌ ፈልጌ አላውቅም።

ሐዲስ ዓለማየሁን ልጆቹ የሚያውቋቸው በ“ፍቅር እስከ መቃብር” ነው። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ከራስ እምሩ ጋር እንደዘመቱ፣ ተማርከው ጣሊያን አገር ለዓመታት እንደታሰሩ ሲሰሙ ይገረማሉ። “ትዝታ” የሚለው መጽሐፋቸው የዚያ ዘመን ማስታወሻ ነው፤ የተሸነፈ ጦር ታሪክ ከተሸናፊው አንደበት። አድዋን እያነበነበ ላደገ ልጅ የማይጨውን ዘመን በዚህ ዓይን ማየት ያስፈልገዋል። ድልን ብቻ የተማረ ሰው ስለ ጦርነት የሚያውቀው ግማሹን ነው።

ቅደም ተከተሉ ግን ይታሰብበት። እኔ ከሩቁ እጀምራለሁ፤ አድዋ፣ ማይጨው፣ ከዚያ የ“ኦሮማይ”ዋ ናቅፋ። የቅርቡን ጦርነት እኔ አላነሳም፤ ልጆቹ ካነሱት አልዘጋባቸውም። የቤቱን ነገር ተነስቶ እንዲናገር የማስገድደው ልጅ የለም። መጻፍ ከፈለገ ይጽፋል፤ የጻፈውን አላስነብብም፣ ማርክም አልሰጥበትም። አርባ ደቂቃ በማይሞላ ክፍለ ጊዜ የልጅ ቁስል ከፍቶ ደወል ሲደወል መውጣት ነውር ነው፤ “አትነካካ” የሚሉኝ ባልደረቦች ልክ የሚሆኑት እዚህ ላይ ነው።

መጽሐፍ የምታዘጋጁና ፈተና የምታወጡ የሙያ ባልደረቦቼ ሆይ፣ ፉከራው ይቆይ፤ ከጎኑ ሙሾውን አስገቡ፤ ከ“ኦሮማይ”ም አንድ ምዕራፍ ጨምሩ። ፈተናው ላይም አንዲት ጥያቄ ተማሪው በራሱ ቃል የሚጽፍባት ትሁን።