አፈሩ ዘር አያስቀምጥም

ከወረታ መገንጠያ ወደ ደብረ ታቦር ሲታጠፉ የፎገራ ሩዝ ከኋላ ይቀራል። ዳገቱ ሲጀመር በእርሻው መሃል እዚህም እዚያም ክብ ክብ ደን ብቅ ይላል፤ በየደኑ መካከል ደግሞ አንድ ቤተ ክርስቲያን አለ። ይህን ለአገሬው መንገር ጉንጭ ማልፋት ነው። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንዲህ ያሉ ደኖች ከ1,000 በላይ ናቸው፤ አብዛኞቹም ከጥቂት ሄክታር አያልፉም። ዛሬ ላስተዋውቃችሁ የፈለግሁት ደኖቹን ሳይሆን ስለ እነሱ የተሠራውን ጥናት ነው። ለአካባቢው ሰው ይህን ያህል የሚጠቅም፣ ግን በአካባቢው ሰው ይህን ያህል ያልተነበበ የምርምር ሥራ አላውቅም።

   

የዘርፉ ትልቅ ስም ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ነው። በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቀው የዶክትሬት ሥራው የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን መርምሮ 168 ዓይነት ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሐረግ መዝግቧል። ዝግባ፣ ጽድ፣ ወይራ፣ ሎል፣ ጥቁር እንጨት፣ ሌላ ቦታ በመጥረቢያ ያለቀው ሁሉ እዚያ ተገኝቷል። የብዙ ሰው ዕውቀት እዚህ ላይ ይቆማል፤ «ቤተ ክርስቲያን ደን ጠብቃለች» ይባላል፣ ይጨበጨባል፣ ያበቃል። እውነት ነው፣ ጠብቃለች። ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ ይመጣል።

አንድ ጊዜ በዚያ መንገድ ዳር ባለ ደብር ከአንድ አረጋዊ ካህን ጋር ስጫወት፣ ከብቶች በደኑ ውስጥ ሲግጡ አይቼ «አባ፣ ችግኙን አይጨርሱትም?» አልኋቸው። «ልጄ፣ አፈሩ ዘር አለው፤ ክረምት ሲገባ ያወጣዋል» አሉኝ። ይህን አባባል ከገበሬም፣ ከባለሥልጣንም፣ ከተማረ ሰውም ሰምቻለሁ። ምክንያታዊ ይመስላል። ያን ሁሉ መቶ ዓመት ዘር ሲረግፍበት የኖረ አፈር እንዴት ባዶ ይሆናል?

ዓለማየሁና አንጋፋው የደን ሊቅ ደመል ተከታይ ይህንኑ ነው የፈተሹት። የአሠራሩ ቀላልነት ደስ ይለኛል፦ ከረገፈው ቅጠል ሥር አፈር በንብርብር ይወሰዳል፣ በገበታ ይደለደላል፣ ውኃ እየጠጣ ምን እንደሚያበቅል ይጠበቃል። የበቀለው አብዛኛው ሣርና አረም ነው። ከአፈሩ በላይ ከቆሙት ትልልቅ ዛፎች የአብዛኞቹ ዘር ከአፈሩ ውስጥ የለም።

ምክንያቱ የዘሩ ተፈጥሮ ነው። የአረም ዘር ደቃቅና ደረቅ ስለሆነ አፈር ውስጥ ለዓመታት አድፍጦ ይቆያል። እንደ ዝግባ ያለው የዛፍ ዘር ግን ትልቅና እርጥብ ነው፤ ወድቆ ቶሎ ካልበቀለ ይበሰብሳል፣ ወይም አይጥና ነፍሳት ይበሉታል። ስለዚህ የእነዚህ ደኖች ጎተራ አፈሩ አይደለም፤ በጥላው ሥር ተኮራምተው ብርሃን የሚጠብቁት ትንንሽ ችግኞች ናቸው። አንድ ላም በአንድ ከሰዓት በኋላ የምትግጠው ይህን ጎተራ ነው። እናት ዛፎቹ ከተቆረጡና ችግኞቹ ከተበሉ፣ የፈለገው ክረምት ቢዘንብ ከዚያ መሬት የሚወጣው ሣር ነው።

በገላውዴዎስና በደብረ ሰና ደኖች የተደረገው ሙከራ ይህን አጽንቶታል። ከብት እንዳይገባበት በታጠረው ቦታ ዘሩ በተሻለ በቅሏል፣ ችግኙም በተሻለ ተርፏል፣ አድጓልም። መፍትሔውም ከዚሁ መጣ፦ ካብ። ዓለማየሁ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖ ካህናቱን ሰብስቦ ደኖቻቸውን ከሰማይ በተነሣ ፎቶግራፍ አሳያቸው፤ ሕዝቡም ከየማሳው ድንጋይ እየለቀመ ደኑን በካብ ማጠር ጀመረ። ደኑ ይታጠራል፣ ማሳውም ከድንጋይ ይጸዳል። ከዚህ የተሻለ ፕሮጀክት አላየሁም።

«ደኑ እኮ አልቀነሰም» የሚል አለ። በስፋቱ ልክ ነው። የኮልጌት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሣቸውን ፎቶግራፎች ከዘመኑ የሳተላይት ምስል ጋር ሲያስተያዩ፣ የደኖቹ ስፋት በአመዛኙ እንደነበረ አገኙት። ከቅጽሩ ውጭ የነበረው ቁጥቋጦ ግን ጠፍቷል፣ ባሕር ዛፍም ገብቷል። ለደብሩ ገቢ እንደሚያስገኝ አውቃለሁ፤ ይተከል፣ ግን ከነባሩ ደን ውጭ። ለንግሥ ግቢ ስናጸዳም ችግኙን ከአረሙ ጋር መንጨት ይብቃ። ድግሱ የአንድ ቀን ነው፣ የዝግባው ችግኝ ግን መቶ ዓመት ሊኖር ነው የበቀለው።

ተመራማሪዎችንም እወቅሳለሁ። ዛፍ ቆጥረው፣ አፈር ዘግነው፣ ካህናቱን ጠይቀው ይሄዳሉ፤ ውጤቱ በእንግሊዝኛ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል። ሁለት ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለደብሩ አለቃ መመለስ ከአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ጋር የሚሄድ ግዴታ መሆን አለበት።

አንባቢ ሆይ፣ በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ ሽቅብ ወደ ዛፎቹ ጫፍ ሳይሆን ከጉልበትዎ በታች ይመልከቱ። የዝግባ፣ የወይራ፣ የጥቁር እንጨት ችግኝ ካላዩ ደኑ ተተኪ አጥቷል ማለት ነውና፣ ሰበካ ጉባኤው ካብ እንዲያስጀምር ይጠይቁ።